ብቅል፥ ሙቀትና አሲድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)

የሳይንስ ክበባችን በዚህ የበዓል ቀን ከአባሎቹ አንዱ ቆሞ ጥቂት እንዲናገር በወሰነ ጊዜ ዕጣው ለእኔ ደረሰኝ። ከእኔ የተሻለ የሚናገሩ ጓደኞች እንዳሉን ዐውቃለሁ። ነገር ግን የምናገረው በቤታችን የደረሰ፥ እኔም በገዛ እጄ ያበላሸሁት ነገር ስለ ሆነ ሌላ ሰው ሊናገርልኝ አይችልም።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት በጠረጴዛው ላይ ያሉትን አራት ብርጭቆዎች ተመልከቱልኝ። በአራቱም ውስጥ ያለው አንድ ዐይነት አጥሚት ነው፤ ከስንዴ ዱቄት ወፍሮ ተሠርቶ ለብ እስኪል ቀዝቅዟል። ማንኪያ ቢተክሉበት ይቆማል። በአንደኛው ብርጭቆ፥ የተፈጨ ብቅል የተዘፈዘፈበትን ውሃ አጥልዬ ሁለት ማንኪያ እጨምርበታለሁ። በሁለተኛው የምጨምረው ያንኑ የብቅል ውሃ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ጧት አፍልቼ አቀዝቅዤዋለሁ። በሦስተኛው ያልፈላውን የብቅል ውሃ ከአንድ ማንኪያ ነጭ አቼቶ ጋር እጨምራለሁ። አራተኛው ልክ እንደ አንደኛው ነው፤ ግን በበረዶ ውስጥ ይቀመጣል። ሦስቱ በሙቅ ውሃ ሳሕን ውስጥ ይሁኑ፤ ጓደኛዬ ቴርሞሜትሩን እያየ፥ ከቴርሞሱ ፍል ውሃ እያከለ፥ ሳሕኑን በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይጠብቅልናል። እኛ ስንነጋገር እነርሱ ሥራቸውን ይሥሩ።

ባለፈው ዓመት የማኅበር ተራ ለእናቴ ደረሳት። ጠላ እንዴት እንደሚጠመቅ በዚህ አዳራሽ ላሉት እናቶች ማስረዳት ለካህን ዳዊት እንደ ማስደገም ነው፤ ስለዚህ ለጓደኞቼ ብቻ ባጭሩ ልናገር። ጌሾና ብቅል በውሃ ይጠነሰሳል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ቂጣ ተቈርሶ ይገባበታል፤ ከዚያም እንኩሮ፥ ማለት በጥቂት ውሃ የታሸ ዱቄት በምጣድ ላይ ታምሶ ሲበስል፥ ይጨመርበትና ድፍድፍ ይሆናል። አሠራሩ ከአገር አገር፥ ከቤትም ከቤት ይለያያል። እናቴ ግን ፈጽሞ የማትለውጠው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም እንኩሮው በሰፌድ ተዘርግቶ ሳይበርድ ወደ ጋኑ እንዳይገባ ነው። «እጅሽ የማይታገሠውን ጥንስሱም አይታገሠውም» ትለኛለች።

በዚያ ቀን እናቴ ለቅሶ ለመድረስ ወጣች፤ እንኩሮውን ለእኔ ተወችልኝ። በማግሥቱ የሒሳብ ፈተና ነበረብኝ። አመስሁት፤ በሰፌድ ላይ መዘርጋቱ፥ መበተኑ፥ መጠበቁ ሁሉ ጊዜ የሚፈጅ መስሎ ታየኝና ከምጣዱ ወደ ጋኑ ገለበጥሁት። እንፋሎቱ ፊቴን ገረፈኝ። ጋኑን ከድኜ ወደ ደብተሬ ሄድሁ።

በሁለተኛው ቀን ማታ እናቴ ጋኑን ከፈተች። ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች፤ የሚሰማ ነገር የለም። በጣቷ ቀመሰችው፤ «ጣፍጦ ቀርቷል፤ አልፈላም» አለች። ከዚያም ወደ እኔ ዞራ «እንኩሮው በርዶ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አዎን፥ በርዶ ነበር» አልሁ።

እናቴ አመነችኝ። «እንግዲያውስ ብቅሉ ነው» አለች። ብቅሉን የገዛችው በገበያ ከሚቀመጡ አንዲት ባልቴት ነበር፤ ከእርሳቸው መግዛት የጀመረችው እኔ ሳልወለድ ነው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሄዳ በሰው ፊት «የሸጡልኝ ብቅል የሞተ ነው» አለቻቸው። እርሳቸውም ማሉ፤ ተገዘቱ። እኔ ዘንቢሉን ይዤ ከኋላ ቆሜ ነበር። ማኅበሩም ከጎረቤት በተለመነ ጠላ አለፈ።

ከአራት ወር በኋላ የባዮሎጂ መምህራችን ስለ ኤንዛይም ማስተማር ጀመሩ። በሰሌዳው ላይ የጻፉት የመጀመሪያው ምሳሌ ብቅል ነበር።

ብቅል ማለት እንዲበቅል ተደርጎ ጥቂት እንደ ሄደ የተገታ እህል ነው። ገብሱ ይዘፈዘፋል፤ በቅጠል ተሸፍኖ ያቈጠቍጣል፤ ከዚያም በፀሐይ ይደርቃል። በገብሱ ፍሬ ውስጥ የተከማቸው ስታርች ለቡቃያው ስንቅ ነው፤ ነገር ግን ስታርች እንደ ረጅም ሰንሰለት የተያያዘ ስለ ሆነ ቡቃያው እንዲሁ ሊመገበው አይችልም። ስለዚህ ፍሬው መብቀል ሲጀምር ሰንሰለቱን ቈራርጦ ስኳር የሚያደርግ ነገር ያዘጋጃል። ይህ ነገር አሚሌዝ የሚባለው ኤንዛይም ነው። እርሾም እንደ ቡቃያው ስታርችን መብላት አይችልም፤ ስኳሩን ግን በልቶ አልኮልና ጋዝ ያወጣል። እንግዲህ ጠላ ጠማቂ የምታደርገው፥ ገብሱ ለልጁ ያዘጋጀውን መቍረጫ ወስዳ ለእርሾው ማሠራት ነው።

ይህን መቍረጫ ከብቅል ለይተው በማውጣት የመጀመሪያዎቹ ሁለት የፈረንሳይ ኬሚስቶች ናቸው፤ አንሰልም ፓየንና ዣን ፍራንስዋ ፔርሶ ይባላሉ። ዘመኑም 1833 ነበር፤ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። የብቅሉን ውሃ አጥልለው አልኮል ሲጨምሩበት ነጭ ነገር ወደ ታች ዘቀጠ። ያ ነጭ ነገር ደርቆ ከቈየ በኋላ እንኳ እጅግ ጥቂቱ ብዙ ስታርች ያሟሟ ነበር። ዲያስታዝ ብለው ጠሩት። ኤንዛይም የሚለው ስም የመጣው በኋላ ነው፤ ጀርመናዊው ቪልሄልም ኩን በ1877 ያወጣው ሲሆን የግሪክኛው ትርጕም «በእርሾ ውስጥ» ማለት ነው። ኤንዛይም ራሱ ምን እንደ ሆነ ግን ሊቃውንት ገና ብዙ ተከራክረዋል። በ1926 አሜሪካዊው ጄምስ ሰምነር ዩሬዝ የተባለውን ኤንዛይም ከባቄላ ዐይነት ፍሬ አውጥቶ እንደ ጨው በክሪስታል መልክ አገኘው፤ ፕሮቲን መሆኑንም አሳየ። ብዙዎች ለጊዜው አላመኑትም፤ የኖቤልን ሽልማት ግን በ1946 ተካፈለ። ይህ ሰው በወጣትነቱ በአደን ላይ በደረሰ አደጋ ግራ እጁን ያጣ፥ በአንድ እጁ የሚሠራ ኬሚስት ነበር። በላቦራቶሪ ሁለት እጅ ይዘን ቱቦ የምንሰብር ተማሪዎች ይህን ብናስታውስ አይከፋም።

ፕሮቲን መሆኑን ማወቅ የሙቀቱን ነገር ያስረዳናል። ፕሮቲን እንደ ረጅም ክር ነው፤ ክሩ ግን እንዲሁ የተዝረከረከ አይደለም፤ በተወሰነ አኳኋን ተጠምዝዞና ታጥፎ አንድ ቅርጽ ይይዛል። በዚያም ቅርጽ ላይ አንዲት ጐድጓዳ ስፍራ አለች፤ የሚቈረጠው ነገር በዚያች ስፍራ ይገባል። በ1894 ጀርመናዊው ኤሚል ፊሸር ይህን በቍልፍና በመቈለፊያ መስሎታል። ቅርጹን ይዘው የሚያቈዩት ማያያዣዎች ደካሞች ናቸው፤ ብዙ ስለ ሆኑ ነው የሚበረቱት። ሙቀት ሲበዛ ክሩ ይንቀጠቀጣል፤ ማያያዣዎቹ አንድ በአንድ ይለቃሉ፤ እጥፋቱ ይፈታል፤ ጐድጓዳዋም ስፍራ ትጠፋለች። የዕንቍላል አስኳል ዙሪያ ያለው ውሃ መሰል ነገር በፈላ ጊዜ ነጭ ሆኖ የሚረጋው በዚሁ ምክንያት ነው። የተቀቀለ ዕንቍላል ቢቀዘቅዝ ወደ ጥሬነቱ እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን።

በሌላ በኩል ደግሞ ሙቀት ሥራን ያፋጥናል። ቅንጣቶቹ ሲሞቁ ይፈጥናሉ፤ ኤንዛይሙና ስታርቹም ቶሎ ቶሎ ይገናኛሉ። ባጠቃላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር የሥራው ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። እንግዲህ ሙቀት አንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ሠራተኛውን ያፋጥነዋል፥ እያፋጠነውም ያፈርሰዋል። ብዙ ተማሪ «ለኤንዛይም የሚስማማው ሙቀት ይህን ያህል ነው» ብሎ አንድ ቍጥር ይሸመድዳል፤ እኔም እንዲሁ ነበርሁ። ቍጥሩ ግን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ስምምነት እንጂ እንደ ቁመት የተቈረጠ ነገር አይደለም። ለአምስት ደቂቃ ሥራ የሚስማማው ሙቀት ለአምስት ሰዓት ሥራ ከሚስማማው ይበልጣል፤ ምክንያቱም በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚፈርሰው ጥቂት ነው።

ይህን በሰማሁ ጊዜ ልቤ መታ። «በዚያ በሚፋጅ እንኩሮ የብቅሉን ኤንዛይም የገደልሁት እኔ ነኝ» አልሁ። መምህሬን አስፈቅጄ፥ ሁለት ጓደኞቼን ይዤ፥ በላቦራቶሪ ልፈትነው ተነሣሁ። ብቅሉን ከሌላ ሰው መግዛት ይቻል ነበር፤ ግን ፈተናው ፈተና እንዲሆን ከእኒያው ባልቴት መግዛት ነበረብኝ። በቅዳሜ ገበያ ብቻዬን ሄድሁ። እርሳቸውም ዐወቁኝ። አንዳች አልተናገሩም፤ ስፍሩን ሞልተው ከላይ ምርቃት ጨመሩልኝ። ገንዘቡን ሰጥቼ ቀና ብዬ ሳላያቸው ተመለስሁ።

ስድስት ቱቦዎች አዘጋጀን። በሁሉም ውስጥ እኩል የስታርች ውሃ አደረግን፤ አንዱን በበረዶ፥ ሌሎቹን በ20፥ በ40፥ በ60ና በ80 ዲግሪ፥ የመጨረሻውን በሚፈላ ውሃ ውስጥ አቆምናቸው። ቱቦዎቹ በየሙቀታቸው እንደ ደረሱ የብቅሉን ውሃ ጨመርን። በየሁለት ደቂቃው ከእያንዳንዱ ጠብታ እየወሰድን በነጭ ሳሕን ላይ ከአዮዲን ጋር አገናኘነው። አዮዲን ስታርች ካለ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ ስታርቹ ሲቈራረጥ ወደ ቀይ ያደላል፤ ፈጽሞ ሲያልቅ የአዮዲኑ የራሱ ቀለም ብቻ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተቴን ልናገር። በደብተሬ የመጨረሻውን ቱቦ «100 ዲግሪ» ብዬ ጻፍሁ። መምህራችን ቍጥሩን በቀይ ከበቡት። «ቴርሞሜትሩን አይተሽ ነው ወይስ መጽሐፉን?» አሉኝ። ባየው 92 ይላል። ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ አገር የአየሩ ክብደት ስለሚያንስ ውሃ በዚያ አካባቢ ይፈላል። መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ዳርቻ ለሚኖሩ ሰዎች ነው።

አሁን ወደ ውጤቱ። በሚፈላው ውሃ ውስጥ የነበረው ቱቦ እስከ መጨረሻው ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። በ80 የነበረው ፈጥኖ ጀመረ፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቀይ ቡናማ እንደ ሆነ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ አልሄደም። በ20 የነበረው ቀስ እያለ ይሄድ ነበር፤ የ40ው ከእርሱ ይፈጥናል። ከሁሉ ቀድሞ የጨረሰው ግን በ60 የቆመው ነው።

እኔም ግራ ገባኝ። እጄ ሊታገሠው በማይችል ሙቀት ውስጥ የብቅሉ ኤንዛይም ከሁሉ ይበልጥ ይሠራል! እንዲያውም በኋላ እንዳነበብሁት የአውሮጳ ቢራ ጠማቂዎች የተፈጨውን ብቅል ከውሃ ጋር አድርገው ከ62 እስከ 72 ዲግሪ ባለው ሙቀት ላይ አስበው ያቈዩታል። እንግዲያስ ጋናችንን ምን ገደለው?

መልሱን የሰጠችኝ ያው እናቴ ናት፤ በዚያች ማታ የተናገረችው ቃል ትዝ አለኝ። «ጣፍጦ ቀርቷል» ብላ ነበር። ጣፈጠ ማለት ስኳር አለ ማለት ነው። ስኳር ካለ ስታርቹ ተቈርጧል። ስታርቹ ከተቈረጠ ብቅሉ ሠርቷል። ሥራውን ያልሠራው ስኳሩን የሚበላው እርሾ ነበር። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ስኳርን ወደ አልኮል የሚለውጡት ብዙ ኤንዛይሞችም በውስጡ አሉ። ይህንም ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡኽነር በ1897 እርሾን ፈጭቶና ጨምቆ፥ ሕይወት በሌለው ጭማቂው ብቻ ስኳርን በማፍላት አሳይቶ በ1907 የኖቤልን ሽልማት አገኘ። የጠላና የቢራ እርሾ ግን ከ55 እስከ 60 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ውስጥ በደቂቃዎች ይሞታል። ለብቅሉ ኤንዛይም የሥራ ሰዓት የሆነው ሙቀት ለእርሾው መቃብሩ ነው።

ይህ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር በትንሽ ማሰሮ ደገምነው። ጥንስስ አዘጋጅተን የሚፋጅ እንኩሮ ገለበጥንበት፤ ቴርሞሜትሩ ከ60 አለፈ። በማግሥቱ ጣፋጭ ነበር፤ አልፈላም። ከዚህ በኋላ መምህራችን አንድ ነገር እንድንጨምር አዘዙን፤ ከሌላ ሕያው ጥንስስ አንድ ጭልፋ። ጨመርን። በሚቀጥለው ጧት ማሰሮው እንደ ዝናብ ድምፅ ያሰማ ነበር።

እናቴ እጇን ቴርሞሜትር አድርጋ የያዘችው ሕግ ስለዚህ ትክክል ነው። የሰው እጅ ሳይነሣ ሊቈይበት የማይችለው ሙቀት 50 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እርሾውም የሚጨነቀው በዚያው አካባቢ ነው። እኔ በመጽሐፍ አንብቤ የተሳሳትሁትን እርሷ በእጇ ታውቀው ነበር።

ስለ በረዶው ቱቦ አልተናገርሁም። እርሱም ሰማያዊ ሆኖ ነበር የቀረው፤ ለዐይን ሲታይ ከፈላው ቱቦ ምንም ልዩነት የለውም። ሁለቱንም አውጥተን በ60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አቆምናቸው። ከፈላው ምንም አልመጣም። ከበረዶው የወጣው ግን ጥቂት ቈይቶ ሥራውን ጀመረ፤ ጨረሰም። ብርድ ኤንዛይምን ያዘገየዋል እንጂ ቅርጹን አያፈርሰውም። ወጥ በማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት ቀን የሚቈየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሲወጣ የሚያበላሹት ነገሮች ሁሉ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ቀጥሎ የአሲዱ ነገር ነው። አንድ ነገር ምን ያህል ኮምጣጣ እንደ ሆነ የምንለካበት ፒ ኤች የሚባለው መለኪያ የተወለደው፥ ብታምኑኝም ባታምኑኝም፥ በቢራ ፋብሪካ ነው። በኮፐንሃገን ያለው የካርልስበርግ ቢራ ጠማቂ የራሱ ላቦራቶሪ ነበረው፤ የዚያ ላቦራቶሪ የኬሚስትሪ ክፍል ኀላፊ ሶረንሰን ይባላል። በ1909 የኤንዛይሞችን ሥራ ሲያጠና ኮምጣጣነታቸውን በትክክል ሳይለካ ሥራቸውን መለካት እንደማይቻል ተረዳ፤ መለኪያውንም አወጣ። 7 መካከለኛ ነው፤ ንጹሕ ውሃ በዚያ ላይ ይገኛል። ከ7 በታች አሲድ፥ ከ7 በላይ አልካሊ ነው። ልብ ማለት የሚገባው፥ አንድ ቍጥር መውረድ ማለት አሲዱ በ10 እጅ በዛ ማለት መሆኑን ነው። ወተት 6.6 ያህል፥ ደማችን 7.4፥ የሎሚ ጭማቂ ከ2 እስከ 2.5 ነው። እንግዲህ ሎሚ ከወተት ከ10000 እጅ በላይ ይከርራል።

አሲድ ኤንዛይምን የሚነካው እንደ ሙቀት በማንቀጥቀጥ አይደለም። በፕሮቲኑ ክር ላይ የኤሌክትሪክ አዎንታና አሉታ ያላቸው ስፍራዎች አሉ፤ እጥፋቱን ከሚይዙት ማያያዣዎች አንዳንዶቹ በእነዚህ መካከል ያለው መሳሳብ ነው። የሚቈረጠውም ነገር በጐድጓዳዋ ስፍራ የሚያዘው በእነርሱ ነው። አሲድ ወይም አልካሊ ሲበዛ ይህ የኤሌክትሪክ ሁናቴ ይለወጣል፤ ይሳሳቡ የነበሩት ይተዋወራሉ፤ ወይም ይገፋፋሉ። ለውጡ ጥቂት ከሆነ ኤንዛይሙ ሊመለስ ይችላል፤ ከበዛ ግን ይፈርሳል።

እዚህም ላይ ወድቀን ነበር። በላቦራቶሪ መጀመሪያ የተጠቀምነው በሎሚ ነው። በስታርቹና በብቅሉ ውሃ ላይ ሎሚ ጨምረን አዮዲን ስናንጠባጥብ ሰማያዊው ቀለም ወዲያው ጠፋ። ተደሰትን፤ «ብቅል በሎሚ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ይሠራል» ብለን ጻፍን። ለዚህ መጽሔትም ርእስ እስከ ማውጣት ደርሰን ነበር። መምህራችን ደብተራችንን አይተው «ብቅል የሌለበት ቱቦ የታል?» አሉን። አልነበረንም። ስታርችና ሎሚ ብቻ አድርገን ደገምነው፤ ቀለሙ አሁንም ጠፋ። ነገሩ ለካ የሎሚው ቪታሚን ሲ ነው፤ እርሱ አዮዲኑን ራሱን ቀለም አልባ ያደርገዋል። ስታርቹ እንዳለ ነበር፤ የጠፋው ምስክሩ ነው። ከዚያ ወዲያ ሎሚውን ትተን ነጭ አቼቶ ያዝን፤ በአቼቶም ብቅሉ ሥራውን ተወ፥ ቀለሙም ሰማያዊ ሆኖ ቀረ።

የብቅል አሚሌዞች ከሁሉ ይበልጥ የሚሠሩት ከ5 እስከ 6 ባለው ፒ ኤች መካከል ነው። ጠላ እየቈየ ሲሄድ ይኮመጥጣል፤ ፒ ኤቹ ከ5 በታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ብቅሉ የሚበዛውን ሥራ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ነው። ሁሉም ኤንዛይም ግን እንዲህ አይደለም። እያንዳንዱ የተሠራው ለኖረበት ስፍራ ነው። በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚያስደንቀው የገዛ አካላችን ነው። ቍራሽ እንጀራ በአፋችን ሳለ በምራቃችን ያለው አሚሌዝ ያገኘዋል፤ እርሱ የሚወደው ፒ ኤች 7 አካባቢ ነው። ወደ ጨጓራ ሲወርድ ፒ ኤቹ ወደ 2 ይጠጋል፤ የምራቁ ኤንዛይም በዚያ ይቆማል። በስፍራውም ቴዎዶር ሽቫን በ1836 ያገኘው ፔፕሲን ይነሣል፤ እርሱ በዚያ ብርቱ አሲድ ካልሆነ አይሠራም። ወደ ትንሹ አንጀት ሲያልፍ ደግሞ ከቆሽት የሚመጣው ፈሳሽ አሲዱን ያበርደዋል፤ ፔፕሲን ያቆማል፤ በ8 አካባቢ የሚሠራው ትሪፕሲን ይተካዋል። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ አዛዡም የፒ ኤቹ መለወጥ ነው።

ከዚህ የባሰ ስፍራ በአገራችን አለ። በአፋር ባለው በዳሎል ፍል ምንጮች ያለው ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ የሚሞቅበት፥ ፒ ኤቹም ወደ 0 ወርዶ ከ0 በታች የሚደርስበት ቦታ አለ። በ1960ዎቹ ዓመታት አሜሪካዊው ቶማስ ብሮክ በየሎውስቶን ፍል ውሃ የሚኖር ባክቴሪያ ማግኘቱ ይታወቃል፤ የእርሱ ኤንዛይም ለፈላ ውሃ ቅርብ በሆነ ሙቀት ስለማይፈርስ ዛሬ በየላቦራቶሪው የዘር ቅንጣትን ለማባዛት ያገለግላል። በዳሎል ግን ሙቀት፥ አሲድና ጨው አንድ ላይ ስለ ተባበሩ፥ ሕይወት አለ የሚሉና የለም የሚሉ ሊቃውንት በ2019 ተቃራኒ ጽሑፍ አውጥተዋል። ከጓደኞቼ አንዱ ሄዶ እንዲያስታርቃቸው እመኛለሁ።

ወላጆችን የሚጠቅም አንድ ነገር በዚሁ ላክል። ለሕፃን የሚሰጥ አጥሚት ወፍራም ሲሆን ልጁ ሊውጠው አይችልም፤ ቀጥኖ ሲሠራ ደግሞ ከውሃ በቀር ጥቂት ነው የሚያገኘው። ለብ ባለ ወፍራም አጥሚት ላይ ጥቂት ንጹሕ የብቅል ዱቄት ቢጨመርበት እህሉ ሳይቀነስ ይቀጥናል፤ ከዚያም እንደ ገና ፈልቶ ይሰጣል። በታንዛንያ ይህ የብቅል ዱቄት ኪሜያ ይባላል፤ ለሕፃናት ምግብ እንዲውልም ከ40 ዓመት በፊት ተጠንቶበታል። ብቅሉ የሻገተ እንዳይሆን ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያሻዋል።

የማሰሮው ሙከራ በተፈጸመ ቀን ማታ ለእናቴ ሁሉን ነገርኋት። የብቅሉን ቱቦ፥ የ60ውን ዲግሪ፥ የማሰሮውን ድምፅ አስቀድሜ፥ እንኩሮውን በመጨረሻ። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ኖሮ ከጎረቤት አንድ ጭልፋ ጥንስስ ለምኜ እጨምርበት ነበር፤ ጋኑም ይድን ነበር» አለች። በማግሥቱ ቅዳሜ ሁለታችን አብረን ወደ ገበያ ሄድን። በዚያ የተነጋገሩትን እዚህ አልናገርም፤ የእነርሱ ነው። ዛሬ ግን በእነዚህ ብርጭቆዎች ውስጥ ያለው ብቅል የማን እንደ ሆነ እናቴ እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ የእርሳቸው ነው።

አሁን ጓደኛዬ ማንኪያውን ያነሣልኛል። አንደኛው እንደ ውሃ ይንጠባጠባል። ሁለተኛው፥ ብቅሉ የፈላበት፥ እንዳለ ነው። ሦስተኛው፥ አቼቶ ያለበት፥ እርሱም ማንኪያውን እንደ ያዘ ቀርቷል። አራተኛው በበረዶው ውስጥ እስካሁን ወፍራም ነው፤ አሁን ወደ ሙቁ ውሃ እናዛውረዋለን። ጥቂት ደቂቃ ስለሚፈልግ፥ ማየት የምትሹ ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ፤ አዮዲኑም በዚያው አለ።